ልጆች ከጎን እያሉ መስፋት፦ በተቆራረጠ ሰዓት የሚያልቅ የቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ

«ልጆቹ ሲተኙ እሰፋለሁ» ብላ የምታቅድ እናት የስፌት መኪናዋ አቧራ ለብሶ ይከርማል። ልጆች ሲተኙ ያልታጠበ ሰሃን አለ፣ የሚቦካ ሊጥ አለ፣ የነገ ዩኒፎርም አለ፣ ከሁሉም በላይ የራስ እንቅልፍ አለ። ያንን ሁሉ አልፋ መኪናው ጋ ብትቀመጥ እንኳ መብራት ይጠፋል፤ መብራት ባይጠፋ ሕፃኑ ይነቃል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ማንም ያልነካው ሁለት ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ እሱን መጠበቁን እንተወውና ሥራውን ራሱን እንቆራርጠው። እያንዳንዱ ቁራጭ በ15 ደቂቃ የሚያልቅ ይሁን፤ መሃል ላይ «እማዬ!» ተብሎ ጥለነው ብንነሳ አይበላሽ፤ ስንመለስም የት እንደቆምን ማሰብ አያስፈልገን።

የኛ እናቶች ይህን ያውቁበታል። ስንደዶውንና አክርማውን ይዘው ቡና ላይ ይቀመጣሉ፤ ወስፌው ይወጋል፣ ወሬው ይቀጥላል፤ ወጡ ሊያር ሲል አስቀምጠውት ይነሳሉ፤ ተመልሰው ካቆሙበት ዙር ይቀጥላሉ። ሞሰብ ባንድ ቁጭታ ያለቀበት ቤት አላየሁም። የትም ዙር ላይ ቢቆም ግን አይፈታም። ጨርቁንም እንደዚሁ ነው የምናደራጀው።

የምንሠራው የልጅ ብርድ ልብስ ነው፤ 1 ሜትር በ1.20 ሜትር ገደማ። ከተማችን ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለናንተ አልነግርም። ከቀሚስና ከመጋረጃ ይልቅ ይህን የመረጥኩት ብርድ ልብሱ ከ120 ትንንሽ አራት ማዕዘን ጨርቆች ስለሚሠራ ነው። ቀሚስ እጅጌው ላይ ከተቋረጠ ሐሳቡ ሁሉ ይጠፋል። አራት ማዕዘን ጨርቅ ግን ያው አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በሦስት መክፈል

ከጨርቁ በፊት ሥራውን እንለይ። መለያው «ከባድና ቀላል» አይደለም፤ ልጆቹ የት መሆን አለባቸው የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ልጅ አጠገብ ሊኖር የማይገባው ሥራ ነው፦ በትልቅ መቀስ መቁረጥ፣ መተኮስና መኪና ላይ መስፋት። ሁለተኛው ልጆች ክፍሉ ውስጥ እየተጫወቱ የሚሠራ የእጅ ሥራ ነው፦ ጠርዝ መጥለፍ፣ ክር መቋጠር፣ አሮጌ ሸሚዝ መፍታት። ሦስተኛው ከልጆቹ ጋር የሚሠራው ነው፦ ቀለም መለየት፣ ወለል ላይ መደርደር፣ መቁጠር፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሦስቱንም ለአንድ ጸጥ ያለ ሰዓት ስለምናጠራቅማቸው ነው። ጸጥታ የሚፈልገው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱም ከጠቅላላው ሥራ ግማሹን አይሞላም። አንዷ ጎረቤቴ ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፤ ሲመለሱ መኪና ልትሰፋ ትነሳለች። ተገልብጧል። ቁልፉ ልጆቹ የቤት ሥራ ሲሠሩ የሚተከል ነው።

ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት አንድ ዘንቢል ወይም ካርቶን ይኑረው። ጊዜ በድንገት ሲገኝ «ምን ልሥራ?» ብሎ ማሰብ ራሱ 10 ደቂቃ ይበላል፤ እንዳለው ሁኔታ ዘንቢሉን ማንሳት ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ሳምንቱን እንዳለ ማየት

አንድ ሳምንት ምንም ሳትሰፉ ቀናችሁን ብቻ ተመልከቱ። የምትፈልጉት ባዶ ሰዓት አይደለም፤ ቁጭ የምትሉበት ሰዓት ነው። ትገረማላችሁ፤ ቁጭ እንላለን፣ እጃችን ግን ባዶውን ነው።

የመጀመሪያው የቡና ሰዓት ነው። ከማፍላቱ በኋላ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ እጅ ነፃ ነው። ቡና የምትጠጡት ጎረቤት ቤት ከሆነ ደግሞ ልጆቹ ከጎረቤት ልጆች ጋር ደጅ ይውላሉ። የእጅ ሥራውን ዘንቢል ይዛችሁ ሂዱ። ማንም አይቀየምም፤ ስንደዶ ይዞ መምጣት የተለመደ በሆነበት አገር ጨርቅ ይዞ መምጣት ነውር አይሆንም። እንዲያውም ሦስተኛው ቀን ላይ «እታለም፣ እስቲ እኔም ልሞክር» የምትል አትጠፋም።

ሁለተኛው ወጡ እስኪበስል ያለው ጊዜ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ አይደለም፤ ያኔ ማማሰያውን ለቅቆ መሄድ ማሳረር ነው። ውሃ ከገባበት በኋላ እሳቱ ሲቀነስ ግን 20 ደቂቃ አለ። እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ክሩን ይዞ፣ ማድቤት በር ላይ ባለችው ዱካ። የበርበሬና የዘይት ጠብታ ከጥጥ ጨርቅ አይለቅምና ነጫጮቹን ጨርቆች ለዚህ ሰዓት አታውጡ።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው የቤት ሥራ ሰዓት ነው፤ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ተኩል ባለው። ልጆቹ ደብተር ዘርግተው ሲቀመጡ እናት አጠገባቸው ካልተቀመጠች አይሠሩም፤ እያፈጠጠች ከተቀመጠች ደግሞ ይጨነቃሉ። እጇ ላይ ስፌት ሲኖር አጠገባቸው አለች፤ እያንዳንዷን ፊደል ግን አትቆጣጠርም። ለሁሉም ይበጃል።

የመኪና ሥራ የሚሠራበትን ሰዓት የሚወስነው የትምህርት ቤቱ ፈረቃ ነው። ልጆቻችሁ ጠዋት የሚማሩ ከሆነ ከሸኛችኋቸው በኋላ ያለው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የስፌት ይሁን፤ ከቤት ጽዳቱ በፊት። ይህ ለጎንደር ሴት የሚከብድ ምክር መሆኑን አውቃለሁ፤ እንግዳ ድንገት ቢመጣ ቤቱ ተዘበራርቆ ያያል። ይይ። ቤት ልጆች እየተሯሯጡም ይጠረጋል፤ መኪና ግን ልጆች እየተሯሯጡ አይሰፋም። የሚተኛ ሕፃን ብቻ ካላችሁ ደግሞ መኪናው ጋ የምትቀመጡት በተኛ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ሰሃኑ ከነቃ በኋላ በአንቀልባ አዝላችሁት የሚታጠብ ነው። ሕፃን አዝሎ መኪና መስፋት ግን አይሁን፤ ጎንበስ ሲባል ከጀርባ በኩል የምትዘረጋ እጅ መርፌው ሥር ለመድረስ ሩቅ አይደለችም።

ከቀን መቁጠሪያው የሚወጡ ቀኖችም አሉ። እሑድ፣ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ እግዚአብሔር፤ በብዙ ቤት በነዚህ ቀኖች መርፌ አይነሳም። አዲስ ዓለም ሰፈር ላሉት ሙስሊም እህቶቻችን ደግሞ ጁምዓ አለ። የየቤታችሁን ልማድ ተከትላችሁ እነዚህን ቀኖች አስቀድማችሁ ሰርዟቸው፤ እቅዱ ከመጀመሪያው እውነተኛ ይሆናል። «በወር 30 ቀን» ብሎ አስልቶ 20 ቀን ላይ መናደድ የለም።

የልጆቹን አባት በተመለከተ፦ «ትንሽ አግዘኝ» የሚለው አይሠራም። «ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ልጆቹን ወደ ጃንተከል ዋርካ ይዘሃቸው ሂድ» የሚለው ይሠራል። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ይነገር። በየበረንዳው መኪና ዘርግተው የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎቻችን አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ስፌት ጊዜ የሚፈልግ ሥራ መሆኑን ለወንድ ማስረዳት የሚቸግር አይመስለኝም።

ደረጃ 3፦ ጥጉንና መርፌውን ማሰናዳት

መኪናውን አልጋ ሥር ወይም ቁምሳጥን ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ሩብ ሰዓቱ ለማውጣትና ለመመለስ ብቻ ያልቃል። የትም ጠባብ ጥግ ቢሆን ተዘርግቶ ይቀመጥ፤ መስኮት አጠገብ ቢሆን ደስ ይላል። የእግር ሲንጀር ያላችሁ ታድላችኋል፤ መብራት ሲጠፋ አይቆምም።

ግን ተዘርግቶ የሚቀመጥ መኪና ለልጅ መጫወቻ ነው። የእግር መኪና ከሆነ ስትነሱ ጠፍሩን ከትልቁ መዘውር ላይ አውርዱት። መርገጫው ይረገጣል፣ መዘውሩም ይዞራል፤ መርፌው ግን አይንቀሳቀስም። መልሶ ማስገባቱ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ከሆነ ሶኬቱ ይነቀል፤ ማጥፊያው ብቻ አይበቃም። በሁለቱም ላይ ከመርፌው ሥር እጥፍ ጨርቅ አድርጋችሁ የጨርቅ መጫኛውን እግር አውርዱት።

መርፌ ይቆጠራል። አምስት አውጥታችሁ ከሆነ የምትነሱት አምስቱ ሲገቡ ነው። እስፒልም እንደዚሁ። ከተበላሸ ሬዲዮ ወይም ስፒከር ውስጥ የምትወጣዋ ክብ ማግኔት በክር ታስራ ግድግዳ ላይ ብትሰቀል ምንጣፍ ላይ የወደቀውን ለመልቀም የሚወዳደራት የለም። መርፌ መኪናው ላይ ከተሰበረ ሁለቱም ቁራጭ እስኪገኝ ሥራው ይቆማል። ቁልፍን የመሳሰሉ ትንንሽ ነገሮች ሁሉ ክዳን ያለው ሙዳይ ወይም የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይግቡ፤ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያገኘውን አፉ ውስጥ ነው የሚከተው።

ለመኪናው ተራ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን 14 ቁጥር መርፌ ይበቃል፤ ለጅንስ 16። ዘይት ማጠጣት ካስፈለገ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ነው። የምግብ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ሆኖ መኪናውን ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ መፍታት እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ደረጃ 4፦ ጨርቅ መልቀም

ለዚህ ሥራ ሙሉ ጣቃ የምትገዛ ካለች ገንዘቧን ትወዳለች ማለት ያስቸግራል። መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ፦ አንገቱ ያለቀ ሸሚዝ፣ ያጠረ የልጅ ቀሚስ፣ ጉልበቱ የተቀደደ ዩኒፎርም። የአንድ ትልቅ ሰው ሸሚዝ ከጀርባው ብቻ ደርዘን ያህል አራት ማዕዘን ይወጣዋል። የሚቀጥለው ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ዩኒፎርም የሚሰፋበት የጳጉሜንና የመስከረም ሰሞን ጠንካራ ቁርጥራጭ ይበዛል፤ ከገና እስከ ከተራ ባለው ጊዜ ደግሞ ለጥምቀት የሀገር ልብስ ስለሚሰፋ ነጭ ጨርቅና የጥለት ጫፍ ይተርፋል። «ከምትጥለው» ብላችሁ ጠይቁ፤ የታጠበ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዳንዱ በነፃ ይሰጣል፣ አንዳንዱ በትንሽ ዋጋ። ከዚያ ያለፈውን ቅዳሜ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ከሚሸጡት ታሟላላችሁ።

ምርጫው ላይ አንድ ሕግ ብቻ አጥብቁ፦ የሚለጠጥ ጨርቅ አይግባ። ቲሸርትና ሹራብ ከማይለጠጥ ጨርቅ ጋር ሲሰፉ አንዱ ይሸበሸባል፣ ማዕዘን ከማዕዘን አይገጥምም፤ በተቆራረጠ ሰዓት ለምትሠራ እናት ደግሞ መፍታት ትልቁ ሌባ ነው። ውፍረታቸውም ይቀራረብ። ጥጥና ቴትሮን ይስማማሉ፤ ጅንስና ስስ ሻሽ አይስማሙም።

ለመሃሉ ውጭ አገር ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ንጣፍ አለ፤ እኛ ጋ ግን ከሱ የሚሻል ነገር ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፦ አሮጌ ጋቢ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ዙሪያውን ፈትታችሁ ሁለት ሁለት ድርብ ብታደርጉት ለሁለት ልጅ ብርድ ልብስ መሃል ይሆናል። ተሸምኖ ስለተሠራ እንደ ባዘቶ ወደ አንድ ጥግ አይጠቀለልም፤ ደጋግሞ ስለታጠበም ከዚህ በኋላ አያጥርም። ለጀርባው አሮጌ አንሶላ ወይም አቡጀዲ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ማጠብና መቁረጥ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ጨርቅ ውሃ በመጣ ቀን ባንድ ጊዜ ይታጠባል። አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ አይቆረጥ፤ ከተሰፋ በኋላ ያጥርና ጎረቤቱን ይስባል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ለብቻ ይነከሩ። ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ እርጥቡን ነጭ ነጠላ ቅዳጅ ላይ ጫን አድርጎ ማየት ነው።

ከወፍራም ካርቶን 12 ሴንቲ በ12 ሴንቲ የሆነ ልክ ቁረጡ። ዙሪያውን 1 ሴንቲ ለስፌት ሲገባ 10 በ10 ይቀራል። ልኩን ጨርቁ ላይ አስቀምጦ በጠመኔ ወይም ባለቀች የሳሙና ስባሪ ማስመር፣ ከዚያ መቁረጥ። ማስመሩ የልጆች ሰዓት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ መቁረጡ ግን አይደለም። ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 የተባለው ለዚህ ነው። የካርቶኑ ጠርዝ እየተበላ ስለሚሄድ 40 ያህል ከተቆረጠ በኋላ በአዲስ ተኩት፤ አለዚያ የመጨረሻዎቹ አራት ማዕዘኖች ከመጀመሪያዎቹ ያንሳሉ።

ደረጃ 6፦ ወለል ላይ መደርደር፣ ከልጆቹ ጋር

ይህ የልጆቹ ቀን ነው። ወለሉ ተጠርጎ አንሶላ ይነጠፍ። አሥር ወደ ጎን፣ አሥራ ሁለት ወደ ታች። የአራት ዓመት ልጅ ቀለም ይለያል፤ የሰባት ዓመቷ አሥር አሥር እያደረገች ትቆጥራለች፤ ትልቁ «ሁለት ቀይ አይነካካም» የሚለውን ሕግ ያስከብራል። ይጨቃጨቃሉ። የአባባ ሸሚዝ ከኔ ቀሚስ አጠገብ ይሁን፣ አይሁን፣ የዩኒፎርሙ ካኪ መሃል ይግባ፣ ዳር ይሁን። ተዉአቸው። እናንተ የምታስቡት ጥቁሩና ደማቁ ባንድ ወገን እንዳይከማች ብቻ ነው፤ እሱን ለማየት ወንበር ላይ ቆሞ፣ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ከላይ መመልከት ይበቃል። ከሞባይል ፎቶም ይታያል፤ ፎቶውን ለማንኛውም አንሱት።

አሁን ዋናው ዘዴ። የተደረደረው ወለል ላይ አያድርም፤ አንድ ሕፃን ቢሮጥበት አበቃለት። ከግራ ጀምራችሁ እያንዳንዱን ቁመት ከላይ ወደ ታች ሰብስቡ፦ የላይኛው ጨርቅ ከላይ እንዲሆን፣ የሚቀጥለው ከሥሩ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛው። አሥር ክምር ይሆናል። እያንዳንዱ ክምር ላይ ከ1 እስከ 10 ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ትያያዝ፤ ቁጥሩም ወደ ላይ እንዲያይ ይሁን። ከዚያ በየፌስታሉ። አሁን ቤቱ ቢገለባበጥ ድርድሩ አይጠፋም።

ደረጃ 7፦ ማጋጠም

1 እና 2 ቁጥርን ክምር ከመኪናው ግራና ቀኝ አስቀምጡ። ከሁለቱም የላይኛውን አንሱ፣ ፊትና ፊት አጋጥሙ፣ በቀኝ በኩል 1 ሴንቲ ገባ ብላችሁ ስፉ። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ክሩን አትቁረጡ። ሁለት ሦስት ነጥብ ባዶውን አስኪዱና የሚቀጥሉትን ሁለት አስገቡ። አሥራ ሁለቱ ጥንዶች ሲያልቁ እንደ በዓል ባንዲራ ባንድ ክር ላይ ተንጠልጥለው ታገኟቸዋላችሁ። ክሩን አሁንም አትቁረጡት። ወደ ላይኛው ጥንድ ተመለሱ፤ 3 ቁጥርን ክምር አውጡ፤ የመጀመሪያውን ጨርቅ በመጀመሪያው ጥንድ ቀኝ ጠርዝ ላይ ስፉ፣ ሁለተኛውን በሁለተኛው፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ 10።

በየመሃሉ ያለችው አጭር ክር የዚህ ሥራ ሁሉ ምሥጢር ናት። ረድፎቹን በቅደም ተከተል ይዛ ትቆያለች፤ ስድስተኛው ጨርቅ ላይ ሕፃኑ አልቅሶ ብትነሱ፣ ተንጠልጥሎ ቢያድር፣ ታናሹ ጎትቶት ወለል ላይ ቢከምረው እንኳ የላይኛውን ይዛችሁ ብታነሱት እንደነበረ ይዘረጋል። አንድ ክምር መጨመር ማለት አሥራ ሁለት አጫጭር ስፌት ነው፤ በ15 ደቂቃ ያልቃል። ዘጠኝ ጊዜ እንዲህ ከተቀመጣችሁ አሥሩም ተያይዘዋል።

ሁልጊዜ ከመነሳታችሁ በፊት የሚቀጥለውን ጥንድ አጋጥማችሁ በእስፒል ይዛችሁ ከመኪናው እግር ሥር አስገቡት። ስትመለሱ ምንም ሳታስቡ መርገጥ ብቻ ነው የሚቀረው።

ረጃጅሞቹን ከማጋጠማችን በፊት ስፌቱ ይተኮስ፤ የመጀመሪያው ረድፍ ትርፉ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ግራ፣ ሦስተኛው ወደ ቀኝ። ሁለት ረድፎች ሲገናኙ ትርፎቹ ተቃራኒ ስለሚያዩ አንዱ ካንዱ ጋር ገጥሞ ይቆማል፤ ማዕዘኑ ራሱን ያስተካክላል። ካውያ ማውጣት ለማይመች ቀን በማንኪያ ጀርባ ጫን አድርጎ መሳብ ለጥጥ ይበቃል። ከዚያ አሥራ ሁለቱን ረድፎች በአሥራ አንድ ረጅም ስፌት ማያያዝ ነው። አንድ ቁጭታ፣ አንድ ስፌት። ጠቅላላው የመኪና ሥራ ሃያ አጭር ቁጭታ ሆነ ማለት ነው።

ማታ የምትሰፉ ከሆነ ፈካ ያሉት ጨርቆች ላይ ብቻ ሥሩ፤ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ የቀን ሥራ ነው። መብራት ሲጠፋ ሶላር ይሁን እንጂ ሻማ ከዚህ ሁሉ ጥጥ አጠገብ አይቀመጥ።

መኪና የሌላት በእጇ ይህንኑ ትሠራለች፤ ቅደም ተከተሉም፣ የማይቆረጠውም ክር ያው ነው። ክሩ ከአንድ ክንድ አይርዘም፤ ከዚያ ካለፈ ይተበተባል። ከአራት አምስት ነጥብ በኋላ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ መውጋት ስፌቱን ያጠነክረዋል። ክር ለማስገባት ዓይን ለደከመው ዘዴ አለ፦ ማታ የስምንት ዓመቷ ልጅ አሥር መርፌ ባንድ ክር ላይ ትሰካለች፤ ክሩ ከጥቅሉ አይቆረጥም። ቀን እናት አንዱን መርፌ ከነ አንድ ክንድ ክር ስባ ቆርጣ ትወስዳለች፣ ሌሎቹ ጥቅሉ ላይ ይጠብቃሉ። ለአያትም ለእናትም ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ሦስቱን ማያያዝ

ጀርባው ከላይኛው በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ይብለጥ፤ 112 በ132 ማለት ነው። ወለል ላይ ተገልብጦ ተወጥሮ ይነጠፍ፣ በላዩ ጋቢው፣ በላዩ ፊት ለፊቱ ወደ ላይ የሆነው የኛ ሥራ። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር በእጅ እያለሰለሳችሁ በመርፌ ቁልፍ ወይም በረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት ያዙት። ከዳር ከተጀመረ መሃሉ ላይ አየር ይሰበሰባል፤ ያ ዕጥፋት ደግሞ አይሄድም። ልጆች የሌሉበት ግማሽ ሰዓት ከተገኘ ለዚህ ይሁን፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእጅ ሥራ ነው።

ማጠባበቂያው ቋጠሮ ነው። አራት ማዕዘኖች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ በወፍራም የጥልፍ ክር ከላይ ወግቶ ወደ ታች፣ ግማሽ ሴንቲ ተራምዶ መልሶ ወደ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥሮ 2 ሴንቲ ያህል አስቀርቶ መቁረጥ። ጋቢ ከገባበት አንድ ማዕዘን እየዘለላችሁ፣ ማለት በየ20 ሴንቲው፣ ቢቋጠር ይይዛል። ባዘቶ ከሆነ ግን በየ10 ሴንቲው፤ ያ ካልሆነ ሲታጠብ ጥጡ ይሰበሰባል። ይህ የቡና ሰዓት ሥራ ነው። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ቋጠሮውን ሊያስር ይችላል፤ እናት ትወጋለች፣ እሱ ያስራል።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ቋጠሮ አይሁን፤ ይስበዋል፣ አፉ ውስጥም ይከተዋል። በምትኩ ቀጥ ያለ ነጥብ ስፌት በየረድፉ አስኪዱ፤ ብርድ ልብሱንም ወለል ላይ ለመዳህና ለመጫወት አንጥፉለት እንጂ ተኝቶ እያለ አታልብሱት።

ደረጃ 9፦ ጠርዙ

ጋቢው ከላይኛው ጨርቅ እኩል ይከርከም፤ ጀርባው 4 ሴንቲ ተርፎ ይቆረጥ። መቀሱ ጀርባውን አብሮ እንዳይበላ እጅን ከሥር አስገብቶ እያነሱ ነው። የተረፈውን አንዴ 2 ሴንቲ አጥፉ፣ እንደገና ወደ ፊት ለፊት አጥፋችሁ ጠርዙን ሸፍኑት፤ በእጅ በትንንሽ ስፌት ይያዝ። ረጃጅሞቹ ሁለት ጎኖች መጀመሪያ፣ ከዚያ አጫጭሮቹ። ጥለት ከተረፋችሁ በዚህ ጠርዝ ላይ ብትደርቡት ሌላ መልክ ያወጣል፤ የድሮ ቀሚስ ጥለት ለዚህ ነው የሚቀመጠው።

በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ተዘግቶ ዝናቡ ሁሉንም ቤት ሲያስገባቸው፣ መኪናውን እርሱትና ይህን ጠርዝ ብቻ ያዙ። ጉልበት ላይ ተደርጎ ይሰፋል፣ ሙቀትም አለው፤ ከሥሩ የሚገባ ልጅ አይጠፋም፤ መርፌው ግን ይቆጠር።

መጀመሪያ ሲታጠብ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና፣ ሳይጠመዘዝ፣ በጥላ ይሰጣ። እርጥብ ጋቢ ስለሚከብድ ባንድ ገመድ ላይ አይንጠልጠል፤ በሁለት ገመድ ይጋደም። የላላ ቋጠሮ ካገኛችሁ በዚያው ቀዳዳ አዲስ ክር አሳልፉ። የተረፉትን አራት ማዕዘኖች በፌስታል ከሳጥኑ ሥር አኑሯቸው፤ አንዱ ጨርቅ ሲያልቅ ከላዩ አዲስ ተደርቦ ዙሪያው በእጅ ይሰፋል እንጂ ስፌቱ አይፈታም።